የቡዜ ወተት

ፍራንክፈርት፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ ነጋሳ፤

ጋሼ፣ ሰላም ከቤትዎ አይጥፋ፤ ለጉልበትዎም የጎተራን ኮንዶሚኒየም አራት ፎቅ የሚችል ብርታት ይስጥልኝ። ባለቤትዎን እትዬ ጀማነሽን፣ ልጆችዎን ሲፋንንና ኢፍቱን አገላብጠው ይሳሙልኝ። የሲፋንን ሕፃን ደግሞ በእኔ ፈንታ ጉንጯን ቀስ አድርገው ይንከሱልኝ።

"በየእሑዱ በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው?" ብለው እንደሚገረሙ አውቃለሁ። ስልኩን እትዬ ጀማነሽ ላውድ ላይ ያደርጉታል፤ ቤቱ ሁሉ ነው የሚሰማኝ። ይሄ ደግሞ ቤቱ ሁሉ የሚሰማው ነገር አይደለም፤ ማለቴ፣ ገና አይደለም። ስለዚህ ዕቃ ለሚያመላልሰው ለሃይለአብ ሰጠሁት። በእጅዎ ካልሆነ ለማንም እንዳይሰጥ ቃል አስገብቼዋለሁ።

በቃ ልንገርዎት። ግራ ጡቴን ሲወጋኝ ከርሞ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ "እናትሽ በሕይወት አለች?" አለችኝ። "ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ሞታለች፤ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ፣ በጨጓራ" አልኳት። መጻፏን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። "በሠላሳ ስድስት ዓመቷ? በጨጓራ?" አለች። ይሄን መልስ ዕድሜ ልኬን ስመልስ ኖሬ፣ አንድም ቀን ግራ አጋብቶኝ አያውቅም ነበር።

ደም ወሰዱ። ከወር በኋላ ጠርተው፣ የጡት ካንሰር የሚያመጣ በዘር የሚተላለፍ የጂን ብልሽት አለብሽ አሉኝ። ከዚያ ኤምአርአይ፣ ከዚያ በመርፌ ናሙና። ናሙናው ካንሰር አይደለም። ይሄን ቀስ ብለው ያንብቡልኝ፣ ካንሰር አይደለም። ግን በወተት ቱቦዎቹ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት መብዛትና መልካቸውን መቀየር ጀምረዋል። ሐኪሟ "ገና ከቤት አልወጡም፤ ጫማቸውን ግን እያጠለቁ ነው" አለችኝ።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። እማዬ በምን ሞተች? እኔ የማስታውሰው እጇ አብጦ በነጠላ አንገቷ ላይ ታስሮ፣ እኔ ደግሞ "ደረቷ ላይ አትተኚባት" እየተባልኩ ከላይዋ ላይ ስጎተት ነው። ጨጓራ እጅ ያሳብጣል እንዴ ጋሼ?

ፈርቻለሁ። ባለፈው ሳምንት የምነዳውን ትራም ይዤ አንድ ፌርማታ ዘልዬ አለፍኩ፤ ተሳፋሪ ሲጮህብኝ ነው የነቃሁት። መልስዎን ቶሎ ይላኩልኝ።

ያሳደጓት ልጅዎ፣
ሀኒ


አዲስ አበባ፣ ጎተራ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሀኒ፤
ጉዳዩ፦ ለደብዳቤሽ መልስ ስለመስጠት

የእናትሽ የቡዜ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም፤ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ ክፉ ወሬ አይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። "ጉዳዩ" ማለቴን አትሳቂበት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያለ እሱ ብዕሩ አይንቀሳቀስም።

የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው። "ጡረተኛ ምን ሥራ አለው?" እንዳትዪ። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ የዕድራችን ሰው በየአቅጣጫው ተበትኖ፣ አንድ ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳን አስጭነን ቦሌ አራብሳ ድረስ ነው የምንሄደው። ሰውም ዘንድሮ ሞት በዝቶበታል።

እናትሽ የሞተችው በጨጓራ ነው። ይህ የታወቀ ነው። ተልባ እያፈላሁ ያጠጣኋት እኔው ነኝ። እጇ ያበጠው በመርፌ ብዛት ነው። የፈረንጅ ሐኪም ሥራ ሲፈታ የሌለ በሽታ ይፈልጋል። አንቺንም የሚወጋሽ ብርድ ነው፤ ደረትሽን ሸፍኚ።

ይልቅ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የሕፃን የዱቄት ወተት፣ ከልደት እስከ ስድስት ወር የሚለውን፣ ስድስት ቆርቆሮ ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጠውን አላምነውም። ለምን እንደሆነ ሲፋንን አትጠይቂያት፤ ጀማነሽንም አትጠይቂያት። አደራ፣ ሳይውል ሳያድር ይድረሰኝ። እስካሁንም ብዙ ቀን አልፏል።

አጎትሽ፣
ነጋሳ


ፍራንክፈርት፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ነጋሳ፤

ባሉበት ደህንነት ይክበብዎት። ስድስቱ ቆርቆሮ ይኸው፤ ሃይለአብ ሻንጣው ከበደኝ ብሎ ሲያኮርፍ በግድ ነው ያስያዝኩት።

ደብዳቤዎን ስንቴ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። ስለ እናቴ ያለው ሁሉ አንድ ትንፋሽ ነው፤ ስለ ዱቄት ወተት ግን "አደራ" አለበት። "ሲፋንን አትጠይቂያት" ባይሉኝ አልጠይቃትም ነበር። ደወልኩላት። "አባዬ አብዷል፣ በቃ!" አለችኝ። "ልጄን እንዳላጠባ ከለከለኝ። ለምን ስለው ይቆጣል፤ ሲብስበት ደግሞ ያለቅሳል። ሀኒዬ፣ ወተቴ ልብሴን እያረጠበው ልጄን በጡጦ ነው የማስተኛት።"

ጋሼ፣ እርስዎ ሲያለቅሱ ያየሁት እማዬ የተቀበረች ቀን ብቻ ነው። ምን የሚያውቁት ነገር አለ?

ስለ እኔ ልንገርዎት። ሦስት መንገድ አለሽ ብለውኛል። አንዱ በየስድስት ወሩ እየተመረመሩ መጠበቅ፣ ሁለተኛው ለዓመታት ክኒን መዋጥ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ጡት ቀድሞ ማስወጣት ነው። ሕዋሶቹ መለወጥ ስለጀመሩ ሐኪሟ ወደ ሦስተኛው ታዘነብላለች። ቀጠሮ ለሚያዝያ ያዙልኝ፤ እስከዚያ ሐሳቤን መቀየር እችላለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። አልወለድኩም። ገላዬን ስታጠብ ወደ ታች አላይም፤ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ እጨርሳለሁ።

እናቴ በዚህ ሞታ ከሆነ ይሄን ማወቅ ለኔ የወሬ ጉዳይ አይደለም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት።

ሀኒ


ጎተራ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀኒ ልጄ፤

ዛሬ "ጉዳዩ" ብዬ አልጀምርም። ምርቃትም ከኔ አፍ የሚያምር አልመሰለኝም፤ እግዜር እንዳመጣለት ይጠብቅሽ።

እናትሽ የሞተችው በጡት ካንሰር ነው።

ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነገረኝ። ያን ጊዜ ወጉ እንዲያ ነበር፤ ለታማሚው አይነገርም፣ ከቤተሰቡ ጠንከር ያለው ወንድ ተጠርቶ ይነገረዋል። ጠንካራው እኔ ሆንኩ። ገብቼ "ጨጓራ ነው አሉ" አልኳት። "እሰይ! ጨጓራማ ምን ይላል" ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ኖረች። ታውቅ ይሁን አታውቅ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፤ ስታድጊ ደግሞ "በዘሯ በሽታ አለ" እንዳይሉሽ ብዬ ዝም አልኩ። ጀማነሽ እንኳ አታውቅም።

እናታችንም፣ አያትሽ፣ ደረቷ ላይ አልድን ያለ ቁስል ነበረባት። ቡዳ ነው ተብሎ ጠበል ለጠበል ስትንከራተት አለቀች።

አሁን የወተቱን ልንገርሽ። ሲፋን ስትወለድ ጀማነሽን ትኩሳት ጥሏት ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛች። ሕፃኗ የላም ወተት አልስማማት ብሎ ልትሞትብኝ ሆነ። እናትሽ ያኔ ካዛንቺስ ከኛ ሦስት ቤት ዘልቆ ነበር የምትኖረው፤ አንቺ የሦስት ወር ልጅ ነሽ። ሲፋንን አቅፌ ሄጄ "ቡዜ፣ አጥቢልኝ" አልኳት። ተቀብላኝ ታቀፈቻት። አንቺን በግራ፣ ሲፋንን በቀኝ። ሰፈሩ "መንታ ወለደች እንዴ?" ይል ነበር። ሲፋን የጡት ልጇ ሆነች።

ቡዜ ስትታመም ነው ነገሩ የገባኝ። እናቴ ቡዜን አጠባች፤ ቡዜ ታመመች። ቡዜ አንቺንና ሲፋንን አጠባች። እኔም የእናቴን ጡት ጠብቻለሁ፣ ግን ወንድ ነኝ፤ የሚታመም ጡት የለኝም። ኢፍቱ የጀማነሽን ወተት ጠጥታ ነው ያደገችው፤ በጀማነሽ ዘር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ስለ ኢፍቱ ሐሳብ ገብቶኝ አያውቅም። ሲፋንን ግን በገዛ እጄ አቅፌ ወስጄ በሽታ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። አሥር ዓመት ሆነኝ፣ "ለደም ግፊቴ ሐኪም ቤት አድርሺኝ" እያልኩ ወስጃት "እግረ መንገድሽን አንቺም ተመርመሪ" ስላት። እሷ የሽማግሌ ጭቅጭቅ ይመስላታል።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ቀና ስል ሕፃኗ ከፊቴ ሲፋን ጡት ላይ ናት።  ተነስቼ ከጡቷ ላይ መነጨቅኋት። ልጅቷ ጮኸች፣ ሲፋን ጮኸች፣ ጀማነሽ ከጓዳ ማንኪያ ይዛ መጣች። ምን ብዬ ላስረዳ? "ወተት አይበቃትም" አልኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እዚያ አገር በወተት የገባን ነገር ከደም አጥቦ የሚያወጣ መድኃኒት ካለ ጠይቂልኝ። ለሲፋንና ለሕፃኗ። አንቺ ግን ጡትሽን አታስቆርጪ ልጄ፤ እናትሽ ያጠባችበት ወግ ይቅርብሽ ማለት ለኔ ይከብደኛል።

ነጋሳ


ፍራንክፈርት፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ነጋሳ፤

መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩብዎት፤ ይሄን መደበቅ አልችልም። እማዬ "እሰይ" ብላ መሞቷ አንጀቴን በላው። ከዚያ ደግሞ እኔና ሲፋን ባንድ ጊዜ፣ አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ፣ ብዬ ሳስብ ሳቄ መጣ። "የጡት እህትሽ" ሲሉኝ እኮ ቁልምጫ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ይቀመጡ። ቆመው እያነበቡ ከሆነ ወንበር ይሳቡ።

በወተት አይተላለፍም። ሐኪሟን ለእርስዎ ስል ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፤ ሦስተኛው ላይ "ወይዘሮ ሀኒ፣ አይተላለፍም አልኩ" ብላ ተቆጣችኝ። ሰው ሲፀነስ ከአባት ወይም ከእናት የሚወርሰው እንጂ ጠጥቶ የሚያመጣው አይደለም። እንዲያውም ማጥባት ለምታጠባዋ ሴት ይጠቅማታል። ጋሼ፣ ማንንም በሽታ አላጠጡም። ሲፋን በእማዬ ወተት ነው የዳነችው። ሕፃኗን ዛሬውኑ ለእናቷ ይመልሱላት።

ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ እጄ እምቢ እያለኝ ነው።

ከአያቴ ለእማዬ መጣ። ለእርስዎም መጥቶ ሊሆን ይችላል። ወንድ ስለሆኑ አላመመዎትም እንጂ ጂኑ ወንድ ሴት አይልም። ሳንቲም እንደ መወርወር፣ ዘውድና ጎፈር ነው፤ ሊኖርብዎትም ላይኖርብዎትም እኩል ነው። እርስዎ ላይ ካለ ደግሞ ለእያንዳንዷ ልጅዎ እንደገና ዘውድና ጎፈር ይጣላል። ለሲፋን ብቻ አይደለም። ለኢፍቱም። የጠጣችውም ያልጠጣችውም እኩል ናቸው።

ኢፍቱ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ተመርምራ ታውቃለች?

የምርመራዬን ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ። ካንሰር የሚያክም ሐኪም ዘንድ ይውሰዱትና "ይሄ ብልሽት እኔ ላይ ካለ ፈልጉልኝ" ብለው ደም ይስጡ። ከሌለብዎት ነገሩ እርስዎ ላይ አበቃ፤ ልጆቹ ነጻ ናቸው። ካለ ሁለቱም ይመርመሩ። ደግሞም ይንገሯቸው። እንደ እማዬ አያድርጓቸው።

ሀኒ


ፍራንክፈርት፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?

ሃይለአብ ደብዳቤውን ሲሰጥዎት እዚያው ደረጃ ላይ ቆመው አንብበው፣ ሲጨርሱ ደረጃው ላይ እንደተቀመጡ ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ ስድስት ሳምንት ሆነ። እሑድ እሑድ ስደውል "ቂርቆስ ሄዷል" ይሉኛል። ቅዳሴ እስከ አሥር ሰዓት አይቆይም ጋሼ።

ትናንት ስልኩን ያነሳችው ኢፍቱ ናት። "አባዬን ምን አቀመስሽብኝ? እኔን ባየኝ ቁጥር እንባው ይመጣል። ሆቴሉ ከሪሴፕሽን ወደ ሱፐርቫይዘር አሳደገኝ ብዬ ስነግረው እንኳ አለቀሰ፤ ፋዘር ሼባ ሆነ መሰለኝ" ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መንገሩ የእርስዎ ነው ብዬ ዋጥኩት።

የኔ ኦፕራሲዮን ሚያዝያ 21 ነው። ወስኛለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ካልነገሯት እኔው እነግራታለሁ። ማስፈራሪያ ነው ካሉ፣ አዎ፣ ማስፈራሪያ ነው።

ሀኒ


ጎተራ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሀኒ፤
ጉዳዩ፦ ማስፈራሪያሽ ስለመድረሱ

የጻድቃን ሁሉ ጸሎት የምትተኚበትን አልጋ ይክበበው፤ የሐኪሞቹን እጅ ያቅናልሽ። አታስቆርጪ ያልኩሽን ሰርዤዋለሁ። የማላውቀውን ነው የተናገርኩት።

ቂርቆስ መሄዴ እውነት ነው፤ እስከ አሥር ሰዓት ግን አጥሩ ሥር ተቀምጬ ነው የምውለው። ቤት ስገባ ኢፍቱን ማየት ስለማልችል ነው። ይቺን ልጅ ሃያ ሰባት ዓመት ያለ ሐሳብ አይቼ፣ አሁን ቁርስ ስትበላ እንኳ ሳያት ተነስቼ ከቤት እወጣለሁ።

ደም የሰጠሁት ግን ደብዳቤሽ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ነው። ወደ ውጭ አገር ላኩት። መዝገብ ቤት ሳለሁ የጠፋ ፋይል አያስፈራኝም ነበር፤ የሚያስፈራኝ የተገኘው ነው። ባለፈው ሐሙስ ተገኘ። አለብኝ። የእናቴም የቡዜም የአንቺም፣ እኔ ላይም አለ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ሁሉንም ሰብስቤ ተናገርኩ። ጨጓራውን፣ ወተቱን፣ ደሙን፣ አንድ ሳላስቀር። ጀማነሽ "እኔንም ጨጓራ ብለህ?" አለችና ጓዳ ገባች፤ ይኸው እስከ ዛሬ ምግብ ታቀርባለች እንጂ አታናግረኝም። ሲፋንን "ልጅሽን አጥቢ፣ ይቅር በዪኝ" ብላት ምን አለችኝ መሰለሽ? ለካስ እኔ ለቀብር በወጣሁ ቁጥር ስታጠባት ነው የከረመችው! የላክሽውን ዱቄትማ ኢፍቱ በማንኪያ እየቃመች ስድስቱንም ጨርሳዋለች። አይ እኔ፣ በገዛ ቤቴ የማላውቀው ይህን ያህል ነው።

ኢፍቱ ያን ቀን አላለቀሰችም። "ደም የምንሰጠው መቼ ነው?" ብቻ አለች። ሰኞ ሁለቱም ሰጡ። ወር ተኩል ይፈጃል አሉን።

አጎትሽ፣
ነጋሳ


ፍራንክፈርት፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ነጋሳ፤

የጸለዩልኝ ሁሉ ጸሎታቸው ይድረስላቸው፤ ነፍሴ አለች። ሁለቱንም አወጡልኝ።

የወጣውን ሥጋ መርምረው ነገሩኝ። የተለወጡት ሕዋሳት ቱቦው ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ አንድም ያለፈ የለም። ሐኪሟ "በጊዜ ደርሰንባቸዋል" ስትለኝ ልስቅ ወይ ላለቅስ ግራ ገባኝና ሻይ አምጡልኝ አልኩ።

ደረቴን ገና አላየሁትም። ነርሷ ፋሻ በቀየረች ቁጥር "ማየት ትፈልጊያለሽ?" ትለኛለች፤ "ነገ" እላታለሁ። እጄን ወደ ላይ ማንሳት ስለማልችል ፀጉሬን የምታበጥርልኝ ጎረቤቴ ናት። ሌላው ሁሉ ይለፍ፤ የልጆቹን ውጤት ይንገሩኝ። ደህና ባይሆንም ይንገሩኝ። ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው።

ሀኒ


ጎተራ፣ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀኒ ልጄ፤

እንኳን ከአልጋሽ ለመነሳት አበቃሽ። የቀረውን ጤናም ሙሉ አድርጎ ይስጥሽ።

ውጤቱን ከነገ ወዲያ እያልኩ ሳልሸሽ ልጻፈው። ሲፋን የለባትም። ከሷ ወዲያ ለሕፃኗም የሚያልፍ የለም። በቀን በሌት የፈራሁላት ልጅ ነጻ ናት።

ኢፍቱ አለባት።

ወዲያው ኤምአርአይ አስነሷት፤ ቀኝ ጡቷ ላይ የማያምር ነገር ታየ። በመርፌ ናሙና ወሰዱ። አሥራ ሁለት ቀን ጠበቅን። ከጀማነሽ ጋር የታረቅነው በዚያ መሃል ነው፤ ሁለታችንም እንቅልፍ አጥተን አልጋው ላይ ቁጭ ስንል እሷ ቀድማ እጄን ያዘችኝ። አሥራ ሦስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ። እንደ አንቺው ነው። ሕዋሶቹ መለወጥ ጀምረዋል፤ ካንሰር አልሆኑም። ሐኪሙ "ጊዜ አለን፣ የምናባክነው ጊዜ ግን የለንም" አላት። መንገዶቹን ነገራት፤ ያንቺኑ ሦስቱን።

ከሐኪሙ ክፍል ስትወጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ አንቺን ነው። "ሀኒ ደረቷን ያየች ቀን ለኔም ታሳየኝ። ደህና ነው እያለች ሳታባብለኝ፣ እንዳለ ታሳየኝ" ብላለች። አደራዋን አድርሻለሁ።

ታክሲ አልፈለገችም። በካዛንቺስ በኩል በእግር እንሂድ አለችኝ። ድሮ ቤታችን የነበረበት አካባቢ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ወጥቶበታል፤ እኔ የት ላይ እንደነበር እንኳ ጠፍቶብኛል። አግዳሚ ወንበር አግኝታ ተቀመጠች። እኔም ተቀመጥኩ።

"አባዬ" አለችኝ፣ "ለሲፋን ይሄን ሁሉ ዓመት ፈርተህላታል። ሐኪም ቤት ይዘሃት ሄደሃል፣ አልቅሰህላታል፣ ልጇን ከጡቷ ላይ ነጥቀሃል። ለኔስ? አንድ ቀን እንኳ ፈርተህልኝ ታውቃለህ?"

ውሸቱ ምላሴ ላይ ነበር። "እንዴ፣ ሁሌ" ማለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ዋጥኩት።

"አንድም ቀን" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ለካ አንድ ዓይነት ለቅሶ አለ፣ ድምፅ የሌለው፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። አላባበልኳትም። መንገደኛው እያየን ያልፋል። ሲበቃት ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና "ሐምሌ አምስት ቀጠሮ አለኝ" አለችኝ።

"አብሬሽ እሄዳለሁ" አልኳት።

"ምን ልታደርግ? ሐኪሙ የሚያናግረው እኔን ነው።"

"ልፈራልሽ" አልኳት።

 ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ተሸከም ማለቷ ነው። ተሸክሜ ተከተልኳት።

አጎትሽ፣
ነጋሳ